የቀኙ በር

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ለመለመን አይደለም። ያልሆነ ነገር ፈጥሬ ለማውራትም ጉልበቱ የለኝም። የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁና ያመነ ይመን...

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ወድቃለች፣ ምድር ቤት ያለው አናጺ እንጨቱን ይልጋል፣ መንገዱ ላይ ሰው ይንጫጫል።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ሁልጊዜም ብቻዬን ነኝ።

ሥራዬ በኮምፒውተር የድሮ መኪና መሥራት ነው። የድሮ ታክሲ፣ የድሮ አውቶቡስ፣ አፍንጫው ወደ ፊት የወጣ የጭነት መኪና... ከፎቶ እያየሁ እሠራዋለሁ፤ እናንተ ስክሪኑ ላይ ወደ ፈለጋችሁት ጎን እያዞራችሁ ታዩታላችሁ። ጌም ሠሪዎችና ማስታወቂያ ሠሪዎች ይገዙኛል። መንጃ ፈቃድ ግን የለኝም። እህቴ "ሾፌሩ" እያለች የምትቀልድብኝ ለዚህ ነው።

ታሪኩ እንዲገባችሁ ስለ ሥራዬ ሁለት ነገር እወቁልኝ።

መኪና ሙሉውን አይሠራም። ግራ ጎኑን ብቻ እንሠራለን፤ ቀኙን ኮምፒውተሩ ራሱ ይገለብጠዋል፣ መስታወት ፊት እንደ ማቆም ማለት ነው። ስለዚህ ግራው ላይ የሌለ ነገር ቀኙ ላይ ሊኖር አይችልም። አራት ነጥብ።

ደግሞ ካልተከፈለን በቀር የመኪናውን ውስጥ አንሠራም። መስኮቱን ጥቁር ቀለም ቀብተን እናልፈዋለን። መቀመጫ የለም፣ መሪ የለም... ባዶ ቅርፊት ነው።

አባባ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጭነት ይዞ ወጣ። አልተመለሰም። የመኪናው አንድ ብሎን እንኳ አልተገኘም።

ባለፈው ዓመት እማማ ስታርፍ እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ ብቻ ቀረን። እትዬ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ምሳዋን በልታ ትደውልልኛለች።

"በላህ?"

"በላሁ።"

"በል ደህና ዋል፣ ሾፌሩ።"

በቃ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ግን ቀኑን ሙሉ እኔን ብሎ የሚመጣው የሰው ድምፅ እሱ ብቻ ነበር። አንዳንዴ የተዘጋውን ስልክ ዝም ብዬ ጆሮዬ ላይ እይዘዋለሁ።

ከአባባ የቀረን አንድ ፎቶ ነው። መኪናው በግራ ጎኑ ይታያል፤ አባባ ሞተሩን አስነስቶ ሊሄድ ሲል ክንዱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተነሥቶታል። ከዚያ ፎቶ መኪናውን ሠርቼ ለእትዬ ልልክላት አሰብኩ። ስለ እሱ ስናወራ ስልኩ ትንሽ ይረዝም ይሆናል ብዬ... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የፊት መብራቱን፣ የጭነቱን ሳንቃ፣ በሩ ላይ የተኛውን አቧራ ሳይቀር ሠራሁ። ሰኞ ግራውን ጨረስኩና ቀኙን ገለበጥኩ።

መኪናውን አዞርኩት...

የቀኙ በር ላይ የእጅ አሻራ ነበር።

አቧራው ላይ የታተመ፣ አምስት ጣት ያለው መዳፍ። ትንሽ... የልጅ እጅ።

ወደ ግራ አዞርኩ። የለም።

ወደ ቀኝ። አለ።

"ደክሞኛል" አልኩ ለራሴ። ቀኙን ድራሹን አጥፍቼ እንደገና ገለበጥኩ።

አለ።

ማክሰኞ ኮምፒውተሩን ስከፍት መኪናው ቦታው ላይ አልነበረም። እኛ የምንሠራውን ነገር የምናቆመው መሃል ላይ፣ ዜሮ ላይ ነው። እኔ በዚህ ነገር ድርቅ ያልኩ ሰው ነኝ፣ አንድ ሚሊ አላሳልፍም። መኪናው ግን ሁለት ሜትር ወደ ፊት ሄዷል። የፊት ጎማዎቹ ታጥፈዋል።

ቤቴ ሰው አይመጣም። ቁልፉም ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ወደ ዜሮ መለስኩት።

ረቡዕ አራት ሜትር ሄዶ አገኘሁት። የቀኙ መስኮት ደግሞ...

አንድ ጣት ያህል ወርዷል።

አስቡት እስቲ። ያ መስኮት መስኮት አይደለም፣ ቀለም ነው። ከበሩ ጋር አንድ ወጥ ነው፤ እኔው ነኝ የሠራሁት። ግን ክፍተት ነበረው። ክፍተቱን አቅርቤ አየሁ... ውስጡ እኔ ከቀባሁት ጥቁር ይበልጥ ይጠቁራል።

ክው ብዬ እንደተቀመጥኩ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናት። ስምንት ሰዓት ሆኗል።

"በላህ?"

"እትዬ... አንድ ነገር ልጠይቅሽ?"

"ምነው? ድምፅህ ምን ሆነ?"

"የአባባ መኪና የቀኙ በሩ ላይ... ምን ነበረው?"

በር ስትዘጋ ሰማኋት።

"ማን ነገረህ?" አለች በሹክሹክታ።

"ማንም።"

"እማማ እንኳ አታውቅም እኮ..."

ከዚያ ነገረችኝ። ፎቶው የተነሣው አባባ የሄደ ቀን ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ሁሉም በግራ በኩል ቆመው ሲሸኙት እሷ አኩርፋ በወዲያኛው ጎን ነበረች። በሩን በመዳፏ እየደበደበች "ውሰደኝ" ብላ ታለቅሳለች። አባባ ጎንበስ ብሎ የቀኙን መስኮት አወረደላት።

"ምን አለሽ?"

"ስመለስ እወስድሻለሁ አለኝ።" ሳቅ ለማለት ሞከረች። "ሞኝ በለኝ... እስከ ዛሬ በሬ ላይ መኪና ሲቆም ልቤ ይዘላል።"

ያን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ሳቅን፣ አለቀስን። በሕይወቴ ከእትዬ ጋር እንደዚያ አውርቼ አላውቅም። መኪናውን እየሠራሁላት መሆኑ በወሬ ወሬ አመለጠኝ።

"ላክልኝ!"

"አላለቀም።"

"እንዳለ ላክልኝ። በናትህ።"

ያየሁትን አልነገርኳትም። ብነግራት ትፈራና ወሬያችን ያበቃል። እኔ ደግሞ ነገም እንዲህ እንድናወራ ፈለግኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው... ሌላ ጥፋት የለኝም።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ላክሁላት። ስልኳ ላይ ከፍታ በጣቷ እያዞረች ማየት ትችላለች። ደወለችና፣ እያየችው ልታወራኝ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

"ውይ! እሱ ራሱ ነው! መብራቱን እየው!"

እኔም የራሴን ስክሪን እያየሁ ነው።

"አዞርኩት..." አለች። ቀጥላም "ይሄ የኔ እጅ ነው።"

እኔ ፊት ያለውን መኪና አዞርኩ። አሻራው የለም። በሩ ንጹሕ ነው። መስኮቱም ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

"መስኮቱን ደግሞ ክፍት አድርገህ ሠራኸው?"

"ስንት ያህል ነው የወረደው?"

"ሙሉ በሙሉ።"

"እትዬ... ውስጡን እኮ አልሠራሁትም።"

"እንዴት አልሠራህም? ይኸው መቀመጫው። ይኸው ላቡን የሚጠርግበት ፎጣ እንኳ..."

ድምጿ ቁልቁል ወረደ።

"ሾፌሩ... ወደ እኔ ዞሮ ነው የተቀመጠው።"

"ማን?"

ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ።

"ዝጊው! እትዬ፣ አሁኑኑ ዝጊው!"

"ምንም አላረጀም..." አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ክላክስ ሰማሁ። ረጅም፣ ወፍራም የጭነት መኪና ክላክስ። የመጣው ከደጇ ነው።

"መጣሁ!" አለች። እኔን አልነበረም።

የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ታች ያለው አናጺ እንኳ ሥራውን አቁሞ "ምን ሆንክ?" ብሎ ተጣራ። በስልኩ ውስጥ የሞተር ድምፅ እየራቀ... እየራቀ... ሄደ።

በዚያው ዕለት ከተማዋ ደረስኩ። በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስልኳ መሬት ላይ ወድቆ ነበር፣ መስመሩ አልተዘጋም። ጎረቤቷ ያሉት አሮጊት "ክላክሱንስ ሰምተናል፣ መኪና ግን አላየንም ልጄ" አሉኝ። ፖሊስ እስከ ዛሬ ይፈልጋታል።

ቤቴ ተመልሼ ፋይሉን ከፈትኩት።

መኪናው የለም። ግራጫ ወለል ብቻ... መሃሉ ላይ ደግሞ አንድ ጥንድ የቤት ጫማ።

የእትዬ ነው። አንደኛው ተረከዙ አልቋል፣ የሌላው ማሰሪያ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ሰው መኪና ላይ ሲወጣ አውልቆት እንደሄደ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ጎን ለጎን ተቀምጧል። እኔ በዕድሜዬ ጫማ ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ መኪናውን አራት ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ካቆምኩት ዜሮ ንቅንቅ አይልም። መስኮቱ ቀለም ነው፣ በሩ በር ብቻ ነው። ሰው "አትፈራም ወይ?" ይለኛል። አልፈራም። የሚያመኝ ሌላ ነው። እኔም እኮ ልጁ ነኝ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ... በላህ የሚለኝ የለም።

ዛሬ ይህን ከመጻፌ በፊት ፋይሉን ከፈትኩት።

ጫማዎቹ እዚያው ናቸው።

አንደኛው ግን ወደ እኔ ዞሯል...