የማሳ አርባ አንድ ውሃ

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባለ መቶ ሃያ ፎቁ የእርሻ ሕንፃ እንደ ልማዱ ወደ ፀሐይ ጋደል አለ። የኩባንያው ምስጢር ጠባቂ ይታይሽም እንደ ልማዷ የሻይ ብርጭቆዋን በእጇ ያዝ አደረገች። ሻዩን ያመጣችላት እትዬ ጥሩዬ ናት፤ ባሏ አምና የሞተባት የጽዳት ሠራተኛ።

ኩባንያው ውሃውን ለየፎቁ ማሳ የሚያካፍለው «ድልድል» በተባለ ስልተ ቀመር ነው፤ ስልተ ቀመር ማለት ማሽን ለሥራው የሚከተለው ቅደም ተከተል ነው። ድልድል የንግድ ምስጢር ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ምስጢር የሚጠብቀው ባለቤቱ ራሱ እስከጠበቀው ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ድልድል የተቆለፈበት ካዝና ከይታይሽ ትንፋሽ በቀር ለማንም አይከፈትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለባሏ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ድልድል አንድ አመል ነበረው። ዓርብ ዓርብ፣ ውሃው ለሁሉም ተዳርሶ ሊዘጋ ሲል፣ ምንም ያልተዘራበትን ማሳ አርባ አንድን ሩብ ሰዓት ያጠጣል። መሐንዲሶቹ ብልሽት ነው ብለው ቢያወጡት ተራው ሁሉ ተዛባ። መልሰው አስገቡትና ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍሬስብሐት በሩን በርግደው ገቡ።

«ይታይሽ፣ ጉድ ሆነናል! ከወንዙ ማዶ ያሉት ገበሬዎች በእኛው ድልድል ነው የሚያጠጡት። ድሮናችን አይታ መጣች። የዓርቧ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቀረችም!»

ካዝናው አልተነካም። ምስጢሩ ወጥቶ ከሆነ እንግዲህ ያወጣችው እሷ ናት። ኩባንያው የሚያቀርብባት ክስ ሰኞ ይታያል፤ የጠባቂነት ፈቃዷም አብሮ ይነጠቃል። ከዚያ በኋላ ማን ያምናታል? ሰማይ የተደፋባት መሰላት።

ወንዙን ተሻገረች። ማዶ ማሽን የሚባል የለም። አያ ደምለው ብቻ ቆመዋል፤ ገበሬው ውሃ እንዲያካፍሉ የመረጣቸው የውሃ አባት። በአካፋ አፈር ዝቀው አንዱን ቦይ ዘጉና ሌላውን ከፈቱ።

«አባቴ፣ የዓርቧን ሩብ ሰዓት ማን አስተማረዎ?»

«ማን ያስተምረኛል ልጄ? አባቴም የውሃ አባት ነበር። የመጨረሻው ውሃ ተራ ለሌለው ነው። ባሏ ለሞተባት፣ ለእንግዳ፣ ቦይ ሲጠረግ ታሞ ለቀረ። የሌላው ተራ የሚቆጠረውም ከሱ ወደኋላ ነው። እሱን ካነሣሽው ሁሉም ይፈርሳል።»

«ይህንን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ይህንን ውሃ የጠጣ ሁሉ!» ብለው ሳቁ። «የዛሬ ሠላሳ ዓመት ደግሞ መሣሪያ የያዙ ልጆች መጥተው፣ አባቴ የሚከፍተውን የሚዘጋውን ሦስት በጋ ሙሉ ሲመዘግቡ ነበር። ደረታቸው ላይ እንዳንቺው አረንጓዴ ቅጠል ነበረ።»

ይታይሽ ደረቷ ላይ ያለውን የኩባንያ ባጅ አየች። ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ስትመለስ ለአቶ ፍሬስብሐት ፊት ለፊት ነገረቻቸው። «አገር የሚያውቀው ነገር የንግድ ምስጢር አይሆንም። እኔ አላወጣሁትም፤ ማሽናችን የተማረውም ከነሱው ነው።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ምን ስትጠብቂ ኖርሽ?»

«የማዶ ሰዎችን ወግ ነዋ!»

አቶ ፍሬስብሐት ተነፈሱ፤ ክሱንም አነሡ። የይታይሽ ፈቃድ አልተነካም፤ ካዝናው ግን ከዚያ ወዲህ ክፍት ሆኖ ይውላል።

በሚቀጥለው ዓርብ እትዬ ጥሩዬን ይዛ ወደ ማሳ አርባ አንድ ወረደች። ጎመን ዘሩ። ማሽኑ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይህችን ድርሻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስቀምጥ ኖሯል። ድርሻዋ የሚገባትን ሰው መፈለግ የነበረባቸው የኩባንያው ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ምስጢሩን ሲጠብቁ ይህንን ረሱት።

አሥር ሰዓት ላይ ውሃው መጣ።

«ውይ! ማነው የሚያጠጣልኝ?» አለች እትዬ ጥሩዬ እግሯን ሰብስባ።

«የውሃ አባት» አለቻት ይታይሽ።