የሂካ ባትሪና የሜቲ ጥርስ

«ይሄ ነው ማሽኑ?» አለች ሄሊና፣ የሳሙና ዕቃውን በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥላ።

ከትምህርት ቤት ወጥተው በሩ አጠገብ ታክሲ እየጠበቁ ነበር። የሳሙና ዕቃው ውስጥ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ በፕላስተር ተለጥፏል፤ በጎኑ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ወጥተዋል። ሠሪው የክፍላቸው ልጅ ሂካ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መገናኛ ባለው የአጎቱ ሞባይል ጥገና ቤት ስለሚውል ራሱን ኢንጂነር አድርጎ ሾሟል። እስካሁን ነካክቶ ያዳነው ስልክ ግን አልታየም።

ማሽኑ የተሠራው ለሜቲ ነው። ጥርሷን የሚያስተካክለው ብሬስ ከታሰረላት ሰባት ወር ሆኗል፤ ገና ዓመት ይቀራታል። የእህቷ የጫልቱ ሠርግ ደግሞ በጥር ነው፤ ሜቲ ሚዜ ናት። ብሬሱ ሳይወልቅ አንድም ፎቶ አልነሳም ብላ ቤቱን አምሳዋለች። ለሄሊና፣ ለጥርስ ይህን ያህል ማልቀስ የሞኝ ሥራ ነው። ለነገሩ ሄሊና ዘንድ የሞኝ ሥራ ያልሆነ ነገር ጥቂት ነው።

«ሽቦዎቹን ብሬሱ ላይ ታስነካቸዋለች» አለ ሂካ። «ኮረንቲው ጥርሱን ቶሎ ቶሎ ያስኬደዋል። በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ። ለጥር ፏ ነው የምትለው!»

«ፊዚክስ ስንት ነበር ያመጣኸው? አስራ አንድ ከሃምሳ?»

የከበቧቸው ልጆች ሳቁ። ሳቁ ሄሊናን ጣማትና ቀጠለች። «አንቺስ ሜቲ፣ ይሄን ደደብ አምነሽ አፍሽን ልትከፍቺ ነው?»

ሂካ አንገቱን ደፋ።

«እሱን ምን ትሰድቢዋለሽ?» አለች ሜቲ፣ አፏን በእጇ ሸፍና። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ? ዶክተር አስመረት ጥርስ በንዝረት ቶሎ ይሄዳል ብለዋል ብለሽ! ለሂካም ያንኑ ነው የነገርኩት። እሳቸው ካሉማ እሞክረዋለሁ፤ ዛሬ እቤት ስገባ እጀምራለሁ።»

ሄሊና ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሜቲን አጅባ ጉርድ ሾላ ጥርስ ሐኪም ቤት ሄዳ ነበር። ሜቲ አፏን ከፍታ ተጋድማለች፤ ምራቅ የሚመጠው መሣሪያ ጆሮዋ ሥር ይጮኻል፤ ስለዚህ ሐኪሟ የሚያወሩት ለሄሊና ነበር። «በንዝረት ለማፋጠን የሚሞክሩ አሉ» ሲሉ ሰማች። ከዚያ በኋላ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች። ታክሲ ውስጥ ሜቲ «ንዝረት? ኤሌክትሪክ የሚነዝረው?» ብላ ስትጠይቃት፣ ዓይኗን ከቲክቶክ ሳትነቅል «ሌላ ምን ንዝረት አለ፣ ፋራ!» ብላት አረፈች።

አሁን «ተዪው» ብትላት ሜቲ አትሰማትም። ሄሊና አለማዳመጧን ካላመነች ባትሪው ዛሬውኑ ሜቲ አፍ ውስጥ ሊገባ ነው። ካመነች ደግሞ ነገ ክፍሉ ሁሉ በማን እንደሚስቅ ታውቃለች፤ መሳለቁን ያስተማረቻቸው ራሷ ናት።

«ስልክሽን ስጪኝ» አለችና ለዶክተር አስመረት ደወለች። ሜቲ ቀድማ ስፒከሩን ነካችው። ሄሊና ማንነቷን ተናግራ ስለ ሂካ ባትሪ ጠየቀች።

«ኤሌክትሪክ? ኧረ በስመአብ!» አሉ ሐኪሟ። «ንዝረት ያልኩት እኮ ስልክ ኪስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያለውን ዓይነት ነው። በጣም አነስተኛ በሆነ ኤሌክትሪክም የሚያጠኑ አሉ፤ ሁለቱም ግን ገና አልተረጋገጡም፣ እኛም አንሠራባቸውም። ባትሪማ አፏን ያቃጥላታል! ይሄን ሁሉ አስረድቼሽ አልነበር፣ ሄሊና? ወይስ በደንብ አልነገርኩሽም?»

ልጆቹ መልሷን ይጠብቃሉ። ሂካም ቀና ብሎ ያያታል። «አዎ፣ አልነገሩኝም» ማለት ቀላል ነበር፤ ሐኪሟ ራሳቸው መንገዱን ከፍተውላታል።

«ነግረውኝ ነበር፣ ዶክተር» አለች። «ያላዳመጥኩት እኔ ነኝ። ለሜቲ ኤሌክትሪክ ነው ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሄሊና ዞር አላለችም።