የሰባቱ ደብተሮች እርማት

አሮጌው የስፓኒሽ መምህር ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ፣ በገዛ የአንገት ልብሱ ታንቆ ተገኘ። ያገኘችው ጸሐፊዋ፣ የእህቱ ልጅ ናት። መምህሩ የሞተው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አለ ሐኪሙ። ምክትሉ መምህር ደግሞ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ስወጣ በሕይወት ነበሩ። ከአሥራ ሁለቱ ደብተር ሰባቱ ቀርቷቸው ነበር። ይኸው፣ ሁሉም ታርሟል።»

ከስምንት ሰዓት በኋላ ከመምህሩ ጋር የቀረችው ልጅቷ ብቻ ነበረች።

መርማሪዋ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጠች።

«ልጄ፣ ስፓኒሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰላምታውን እንኳ አላውቅም። አጎቴ ሊያስተምረኝ ሞክሮ ተስፋ ቆርጧል።»

«ሌላ ሰው አልገባም?»

«በእኔ በኩል ሳያልፍ የሚገባ የለም።»

በገዛ እጇ ራሷን እንዳሰረች የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ለዘጠኝ ሰዓት ትምህርት የመጣች ተማሪ፣ ነርስ ናት፣ ተጠራች።

«ይህቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«የጋሼ እርማት ነቻ። በስፓኒሽ ቅጽል ስሙን በጾታም በቁጥርም ይከተላል። በር ሴት ናት፤ ቀይ በር ‹ፑኤርታ ሮሃ› ነው፣ ሲበዛ ‹ፑኤርታስ ሮሃስ›። ‹ፑኤርታ ሮሆ› ብለን ከጻፍን ከሥሩ ነጥብ ያደርጉና ራሳችሁ ፈልጉት ይሉናል። መልሱን ከሚጽፉልንማ ሞታቸውን ይመርጣሉ» አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

መርማሪዋ ምክትሉን፣ ልጅቷንና ነርሷን ሰብስባ አስቀመጠቻቸው።

«አምስቱ ደብተር ላይ ያለው ነጥብ ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሰባቱ ላይ ግን ስህተቱ ተሰርዞ መልሱ ተጽፏል። ስለዚህ ሰባቱን ያረመው ሽማግሌው አይደለም። ጸሐፊዋ ቋንቋውን አታውቅም። ነርሷ የመጣችው ዘጠኝ ሰዓት ነው። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ መምህር። ሽማግሌው ሃያ ዓመት የለፋበትን መጽሐፍ በስምዎ ለማሳተም መስጠትዎን ደርሶበት ነበር፤ አታሚው ነግሮኛል። ሰባት ሰዓት ላይ አነቁት። ከዚያ አስከሬኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ሰባቱን አረሙ፣ እርስዎ ከወጡ በኋላም ሲሠራ ነበር እንዲባል። ነጥብ ማድረግ በቂ ነበር። ያልተስማማ ቅጽል ሲያዩ ግን እጅዎ አላስችል አለው።»

ምክትሉ ደብተሮቹን ትክ ብሎ አያቸው።

«ያረምኩት ግን አንዱም አልተሳሳተም» አለ ቀስ ብሎ።

«አንዱም» አለች መርማሪዋ።

ይዘውት ሲወጡ ልጅቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እስከዚያች ሰዓት ለራሷ ስትፈራ፣ ለአጎቷ አንድ እንባ አላፈሰሰችለትም ነበር።