ያልተነገሩት ህልሞች

«ዛሬስ ምን አየሽ?»

ኢስራ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። ጠያቂዋ ጎረቤታቸው ፈትሂያ ናት፤ አራሷ። ግቢው ውስጥ በተወጠረው ሸራ ሥር ጨቅላዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ ተቀምጣለች። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን አልብሶታል፤ ቤቶቹ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ሕፃኑ አሁንም አሁንም ያስላል። የደሴ ብርድ እንኳን ለአራስ ለጎረምሳም አይመች፤ ፈትሂያ ግን ኢስራ «ግቢ» ካላለቻት አትገባም።

ባለፈው ሳምንት ኢስራ ቤታቸው ከቦታው ተነስቶ፣ ሐይቅ ላይ እንዳለ ጀልባ ቀስ እያለ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በህልሟ አየች። ጠዋት ለጓደኛዋ ለረውዳ ነገረቻት። የዚያኑ ቀን አመሻሽ መሬት ተንቀጠቀጠች፤ የፈትሂያም ግድግዳ ተሰነጠቀ። የረውዳ አፍ ደግሞ መች ያርፋል! በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ለኢስራ መንገድ ይለቁላታል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን አልጠላችውም።

ዛሬ ግን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ጠይቃ ነበር። «መምህር፣ የመሬት መንቀጥቀጥ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ይቻላል?»

መምህር ማስተዋል ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። «የት የት ሊመጣ እንደሚችል እናውቃለን፤ እኛም ያለነው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። ቀኑን ግን ማንም አያውቅም። ድንጋዩ የሚወጠረው ጥልቅ ውስጥ ስለሆነ ገብተን አናየውም። ትንሹ መንቀጥቀጥ አንዳንዴ ትልቁን ያስከትላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። የቱ እንደነበር የምናውቀው ካለፈ በኋላ ነው።»

«የህልም ኔትወርክስ አይሠራም?» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

መምህሩ አልሳቁም። «ህልምን ለመፈተን የያዘውን ብቻ ሳይሆን የሳተውንም መቁጠር ነው» አሉ።

አሁን ሸራው ፊት ቆማ ያቺ ቃል ትከነክናታለች። ያ ቤት በህልሟ ክረምቱን ሙሉ ስንቴ ሄዷል! እናቷ «የሚሄድ ቤት ደግ ህልም አይደለም፤ መጥፎ ህልም ደግሞ ለሰው አይወራም» ስላለቻት ዝም ትል ነበር። ቤቱ ይሄዳል፣ ይነጋል፣ መሬት ንቅንቅ አትልም። ለረውዳ ያመለጣት አንዷ ብቻ ናት፤ እሷው ያዘች። የቀሩትን ማን ሰምቶ ይቁጠር?

«አብሽሪ፣ ደህና ነው» ብትላት ፈትሂያ አሁኑኑ ትገባለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ፈትሂያ እሷን አምና የምትተኛው እዚያ የተሰነጠቀ ግድግዳ ሥር ነው። ኢስራ ፈራች።

«እትዬ ፈትሂያ፣ እኔ አላውቅም።»

«አላየሽም?»

«ሁሌ ነው የማየው። ወላሂ፣ መሬት የተንቀጠቀጠችው ግን አንዴ ብቻ ነው። ቀኑን እኔም አላውቅ፣ የተማሩትም አያውቁ።»

የፈትሂያ ፊት ጠቆረ። ኢስራ ከነገ ጀምሮ መንገድ የሚለቅላት እንደሌለ ገብቷታል።

«ታዲያ እኔ ምን ይዋጠኝ?»

ኢስራ ቦርሳዋን አወረደች። «እኛ ቤት ነይ። ግድግዳው አልተነካም። ቁም ሳጥኑን አርቀን በሩ አጠገብ እናነጥፋለን። እኔም አብሬሽ እተኛለሁ።»

«ቢመጣስ?»

«ቢመጣ ልጁን እኔ እይዝልሻለሁ።»

ፈትሂያ ጨቅላውን በጋቢ ጠቅልላ ዘረጋችላት።

ከጉሙ ማዶ ቤታቸው ሊሄድ የተነሳ ይመስላል። ኢስራ ሕፃኑን ጠበቅ አድርጋ አቅፋ ገባች።