ከስፒሏ በላይ ያለው ጭቃ

ውሸት ነው የምትል ካለህ ከአሁኑ ውጣልኝ! ይሄ በታላቅ እህቴ በኢየሩስ ላይ የደረሰ ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጂንካ። ጥር 2011። ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ።

ኢየሩስ የጥንቱን ዝናብና ድርቅ የምታጠናው ከጭቃ ነበር። ከገዘር ከተማ በላይ ተራራው ላይ ረግረግ አለ። ጭቃው በየዓመቱ አንድ ስስ ሽፋን እየጨመረ ይቆለላል፤ ታቹ የሺህ ዓመት፣ ላዩ የዘንድሮ። በቧንቧ ወግታ አወጣችው፣ ቧንቧውን ለሁለት ሰነጠቀችው፣ የዘንድሮው ሽፋን ጫፍ ላይ ስፒል ሰካችበት።

ልኩ ሃምሳ ሴንቲ።

ጂንካ በተከራየችው ክፍል ቆለፈችበት። ጠዋት ለካችው... ሃምሳ አንድ።

በማግስቱ... ሃምሳ ሦስት።

ከስፒሏ በላይ ትናንት ያልነበረ ጭቃ! ያውም ሽፋን በሽፋን፣ ሳይዛነፍ። ቁልፉ ደግሞ ያደረው አንገቷ ላይ ነው።

አስተማሪዋ ዶክተር ዘሩባቤል ከአዲስ አበባ መጣ። ሰውዬው የሁለት ዓመት ልፋቷን በገዛ ስሙ ሊያወጣ ሰበብ ሲፈልግ የኖረ ነው። ይኸው አገኘ!

"መለካት እንኳ አትችዪም? ጭቃ ለጥፈሽ ልታታልዪኝ ነው?"

"ዶክተር... በራሱ ነው የሚያድገው።"

"ዝም በይ! ዛሬውኑ ከትምህርቱ አስባርርሻለሁ!"

ወይ አለማፈር! እሷም ጮኸችበት።

"ይቁረጡትና ይዩት! ከለጠፍኩት ይላቀቃል!"

ቢላዋ አነሳ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል አሉ... ከስፒሏ በላይ ወጋው።

አልተላቀቀም።

ቢላዋው ቋ አለ።

በጣቱ ጫረው። ጥርስ... የወርቅ ጥርስ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አለበት።

ዶክተሩ አፉን በእጁ ሸፈነ። ምን ዋጋ አለው፣ ኢየሩስ አይታዋለች። ሲጮህባት አፉ ውስጥ ሲያብለጨልጭ የነበረው ያው ጥርስ ነው... ስንጥቁም ያው።



"ኢየሩስ..." አለ በሹክሹክታ። "አንድ ሽፋን... አንድ ዓመት ነው አይደል?"

"ነው።"

"ከስፒሏ በላይ ያለው... ገና ያልመጣው ዓመት ነዋ! ጥርሱ ስንተኛው ሽፋን ላይ ነው? እባክሽ ለኪልኝ።"

እዩት እንግዲህ! አሁን እባክሽ መጣ!

"መለካት አትችዪም ብለውኛል እኮ። ራስዎ ይለኩ!" ብላ ማስመሪያውን ወረወረችለት።

ዶክተሩ አጎነበሰ። ጭቃውን በጥፍሩ ጠረገ።

የሚለካ ነገር አልነበረም... ጥርሱና ስፒሏ ተነካክተዋል።