በሌንሱ ውስጥ ያልነበረችው ባለቤቴ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ጂን ታየ፣ ዛር ጮኸ ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ደግሞም የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ብርሃን በሌንስ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለተማሪ ሳስረዳ ነው የኖርኩት። ይኼን የማወራህ ግን በዓይኔ ስላየሁት ነው ወዳጄ፣ እመነኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። ከደሴ ተመድቤ አሶሳ ገባሁ፣ ባለቤቴ ዘነበችም ተከትላኝ መጣች። ያኔ በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ሠራተኛ ይቀጠራል፣ ሁሉም ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል። የሰፈራችን ፎቶ አንሺ ጋሽ ወርቁ ሥራ ቢበዛበት፣ "ካሜራ ግዛና ቅዳሜና እሁድ ወረዳዎቹን ያዝልኝ፣ ሆሞሻም ይጠሩኛል፣ አልደርስም" አለኝ።

ኸሚስ የሚባል፣ ከጠረፍ ከተማዋ ከኩርሙክ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ሁለት ካሜራ ይዞ መጣና ከሰዓት በኋላ በጋሽ ወርቁ ጓሮ ተሰበሰብን፣ ዘነበችም አብራኝ ነበረች። አንዱ ፍላሹ አብሮት የተሠራ ቀላል ፕላስቲክ ነው፣ ሌላው ከባድ ብረት።

"ለመዝናኛ ከሆነ ቀላሉ ይበቃሃል፣ እንጀራ ልትበላበት ከሆነ ግን ከባዱን ያዝ" አለኝ ጋሽ ወርቁ። "የቀላሉ ማያ ቀዳዳ ከሌንሱ ጎን ነው። ከባዱ ግን በራሱ በሌንሱ ነው የሚያሳይህ፣ እዚያ ውስጥ ያየኸው ነው ፊልሙ ላይ የሚቀረው።"

"ይሄ ጠንካራ ነው፣ ወላሂ" አለ ኸሚስ። "ሁለት ሰው ወሰደ፣ ሁለቱም መለሰ።"

"ለምን?"

"እኔ አላውቅም። ዝም ብሎ አስቀመጠ፣ ሄደ።"

ልሞክረው ብዬ ዘነበችን ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጥኳትና ከባዱን አነሳሁ፣ የሌንሱን ቀለበት ሳዞር ግንዱ ጠራ፣ ቅጠሉ ጠራ፣ በርጩማው ጠራ፣ ዘነበች ግን የለችም። ተነስታ የሄደች መሰለኝ።

"የት ሄድሽ?" አልኩ ካሜራውን ሳላወርድ።

"የት እሄዳለሁ፣ ይኸው ተቀምጬ" አለች፣ ድምፅዋ የመጣው ከዚያው ከባዶው በርጩማ ነው።

ባወርደው ነጠላዋን እያስተካከለች ተቀምጣለች። መልሼ አነሳሁት፣ ባዶ። በርጩማው፣ ሰው ክብደቱን ሲያዛውር እንደሚንቋቋው፣ ሲንቋቋ ሰማሁ። አንዲት ዶሮ መጥታ ሥሩ መጫር ጀመረች፣ ዶሮዋ ጥርት ብላ ትታያለች፣ ከዚያ ከባዶው ቦታ "እሽ!" የሚል ድምፅ ሲወጣ ደንግጣ ሮጠች። ሌንሱን በሸሚዜ ጠረግኩት፣ መምህር አይደለሁ፣ ምክንያት ፈለግኩ፣ አላገኘሁም።

ካሜራውን ለጋሽ ወርቁ ሰጠሁት። አየ፣ ቆየ፣ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

"አንተም እስቲ አጠገቧ ቁም" አለኝ።

ሄጄ እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግኩ፣ ትከሻዋ ይሞቃል። ጋሽ ወርቁ በካሜራው ወደ እኛ ተመለከተ፣ ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ ለኸሚስ መለሰለት።

"ይዘኸው ሂድ" አለው፣ ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ "ቀላሉን ውሰድ።"

"ጋሼ፣ ከባዱን ያዝ አላልከኝም?"

"ቀላሉን ውሰድ አልኩህ።"

"ምን ሆናችሁ?" አለች ዘነበች።

ቀላሉን ገዛሁ፣ ሠራሁበትም። ያን ሰሞን ግን የዘነበችን ትንፋሽ ሳዳምጥ ነበር የማድረው። ምንም አልሆነችም፣ ልጆች ወለድን፣ አሁንም ይኼን ሳወራህ ከጓዳ ድምፅዋ ይሰማኛል፣ ብቻ አንዳንዴ ድምፅዋን ስሰማ ሄጄ ካላየኋት አላርፍም።

ጋሽ ወርቁ እኔ አጠገቧ ስቆም ምን እንዳየ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፣ ሁልጊዜ ወሬ ይቀይራል። ወደ ደሴ ስንዛወር መናኸሪያ ድረስ ሸኘን።

"ጋሼ፣ ያን ቀን እኔን አይተኸኛል?" አልኩት።

"መኪናው ሊሄድ ነው፣ ግባ" አለኝ።

የጨበጠውን እጄን ግን አልለቀቀም፣ ሥጋ መኖሩን እንደሚያጣራ ሰው አንጓዬን በአውራ ጣቱ ይጫን ነበር።