ስክሪን ሳይበራ የተጻፈ ቃል

ካርዱ በቦታው አልነበረም።

ቴክኒሻኑ እንደተንበረከከ የኮምፒውተሩን ሆድ ደጋግሞ አየ። በፍርድ ቤቱ የቃል መገልበጫ ክፍል ካለው ማሽን ላይ አሮጌውን ሲስተም አጥፍቶ አዲስ ሊጭን ነበር ረቡዕ ጠዋት የመጣው። ፍላሹን ሰካ፤ ስክሪኑ ግን ድርግም እንዳለ ቀረ። ኬብል ቀየረ። ሌላ ሞኒተር አምጥቶ ሞከረ። «ምልክት የለም» ከማለት ሌላ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በመጨረሻ ጆሮውን ጣል ሲያደርግ ማሽኑ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ድምፅ አሰማ። የምስል ችግር ማለት ነው። ከፈተው። ምስሉን ወደ ሞኒተሩ የሚልከው ካርድ ተነቅሎ ተወስዷል።

የክፍሉ ኃላፊ ፖሊስ ለመጥራት አላመነታም።

መርማሪዋ ቁልፍ ከሚይዘው ጥበቃ ጀመረች። ሰኞ ማታ ጥቅል ይዞ ሲወጣ የታየው እሱ ነበር። ጥቅሉ ሊያሰፋው የወሰደው ጫማ ሆኖ ተገኘ፤ ሰፊውም መሰከረለት።

«ማሽኑን መጨረሻ የከፈተው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ቴክኒሻኑ። «ሰኞ። አዲሱን ሲስተም ይችል እንደሆነ ለማየት።»

«ቦርሳህን ክፈት።»

ከፈተ። ካቻቢቴ፣ ኬብል፣ ከሥር ደግሞ የምስል ካርድ ወጣ። ለመሞከሪያ የሚይዘው የራሱ ነው፤ ግን ማን ይመነው? ኃላፊው ነገሩ አለቀ ብሎ እጁን አራገፈ። ቴክኒሻኑ ሰው አምኖት ቤቱን ስለሚከፍትለት ነው የሚበላው፤ አንዴ ሌባ ከተባለ ማንም ደጁን አያስረግጠውም።

የክፍሉ ጸሐፊ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይነ ስውር ናቸው። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ኮምፒውተሩ የሚጽፉትን በድምፅ እያነበበላቸው፣ የችሎት ቃል ሲገለብጡ ዓመታት አስቆጥረዋል። ስለ ስክሪን እሳቸውን ልጠይቅ ያለ ሰው አልነበረም።

ቴክኒሻኑ የራሱን ካርድ ገጥሞ ማሽኑን እንዲያይ መርማሪዋን ለመነ። ፈቀደችለት። ስክሪኑ በራ። አሮጌው ሲስተም ምንም አልሆነም። ፋይሎቹን ሲቃኝ ዓይኑ አንዱ ላይ ተተከለ፤ አሥራ አንድ ገጽ የምስክር ቃል፣ ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተጽፎ ያለቀ።

«ስክሪኑ ከመቼ ጀምሮ ነው የጨለመው?» አለ።

ኃላፊው ማክሰኞ ጠዋት ራሱ እንዳየው፣ ነገ ቴክኒሻኑ ያየዋል ብሎ ሥራ እንዳስቆመም ተናገረ።

ቴክኒሻኑ ዞሮ ጥግ ላይ የተቀመጡትን ጸሐፊ አየ። ካርድ የሌለው ማሽን ጮኾ ይነሳል፣ ይሠራልም፤ የሚቸገረው በዓይኑ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት የሆነውም ትዝ አለው። ጸሐፊዋ ቀስ ብለው፣ የሚያነብልኝ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ ይሠራ ይሆን ብለው ጠይቀውት ነበር። ስልክ እያወራ ስለነበር ዞር እንኳ ሳይል «የድሮ ነው እትዬ፣ አይሠራም» ብሏቸው ወጣ።

መርማሪዋ ፊቱን እያየች ነበር። እሷም ገብቷታል፤ ግን ለእሱ ተወችለት።

ሄዶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «እትዬ፣ ያን ቃል የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ልጇን ለማየት የምትከራከር እናት አለች፤ ዛሬ ጠዋት ነበር ችሎት የምትቀርበው» አሉ። «ቃሉ ባይደርስ ቀጠሮው ሊገፋ ነበር። ልጇን ካየች ዓመት ሊሆናት ነው። እንዴት ልተወው?»

ቦርሳቸውን ከፈቱ። ካርዱ በመሐረብ ተጠቅልሎ ወጣ።

ነገሩን አልሸሸጉም። የማሽኑን አቧራ የሚጠርጉት እሳቸው ስለሆኑ እያንዳንዱን ዕቃ በጣታቸው ያውቁታል። አዲሱ ሲስተም ሥራዬን ያሳጣኛል ብለው ለኃላፊው ሁለት ጊዜ ጽፈው ነበር፤ ይለምዱታል ተባሉ። ስክሪን ከሌለ ጫኚው አይጭንም፣ እኔ ግን እሠራለሁ ብለው ሰኞ ማታ ነቀሉት።

«ያንተ ካርድ ከቦርሳህ ሲወጣ ሰማሁ» አሉት። «ልናገር ስል ምላሴ ተሳሰረ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

መርማሪዋ ቃላቸውን መቀበል ነበረባት። በክፍሉ ከእሳቸው በቀር የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ማዳመጫቸውን አጥልቀው የራሳቸውን ቃል ራሳቸው ጻፉ። «አነሳሁ» አላሉም፤ «ሰረቅሁ» ብለው ነው የጻፉት። ቴክኒሻኑ አንድ መስመር እንዲጨመር ጠየቀ፤ ጠይቀውት ሳይሰማቸው እንደሄደ። እሱንም ጻፉት።

ኃላፊው አንገቱን ደፍቶ ክሱን ተወ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ግን አልቀረላቸውም። ሲስተም መጫኑ አንድ ሳምንት ተራዘመ። ቴክኒሻኑ ሳምንቱን ሙሉ አዲሱ ሲስተም ላይ የሚሠራ አንባቢ ፕሮግራም ሲፈልግ ከረመ፤ አገኘም።

ለጭነቱ በተያዘው ቀን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጭነቱ ተጀምሮ አንባቢው እስኪነሳ ድረስ ማሽኑ ድዳ ነው፤ የሚናገረው ስክሪኑ ብቻ። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ሄዱ። ከዚያ ከማዳመጫው ውስጥ የአንባቢው ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

ጸሐፊዋ እጃቸውን አነሱ።

«በቃ» አሉ፤ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ እያደረጉ። «ከዚህ በኋላ እኔ እቀጥላለሁ።»